የተላከው ኮምፒውተር ለምን አይነሳም?

እዚህ አሜሪካ ኮምፒውተር የሚጣለው ተበላሽቶ ሳይሆን ጊዜው ደረሰ ተብሎ ነው። መሥሪያ ቤቱ አራት አምስት ዓመት ይሠራበትና ያስወጣዋል። ጥቅምት 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ሲያበቃማ፣ ወደ 11 መሻገር ያልቻለ ስንት ደህና ማሽን ከሥራ ወጣ። ወሎ ላይ ደግሞ በ2014ቱ ጦርነት ንብረታቸው የተዘረፈባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ከ2016 ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተርም መሰጠት ስለጀመረ፣ ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ልጅም በማውዝ ሊፈተን ነው። ያንን ማሽን ለእነዚህ ትምህርት ቤቶች ለመላክ ማሰብ ደግ ሥራ ነው። ችግሩ ካርቶኑ ተከፍቶ ፎቶ ከተነሳ በኋላ ይመጣል።

ዴስክቶፕ ከሆነ ከጀርባው፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ትንሽ ቀይ መቀየሪያ ትኖራለች። አሜሪካ የነበረው 115 ቮልት ላይ ነው፤ የእኛ መብራት 220። ሳይቀይሩ ከሰኩት "ጧ!" ይልና ፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል) ይሄዳል። ቀይዋ ከሌለች ጽሑፉን ማንበብ ነው፤ 100-240 ካለ አያሳስብም። አብዛኛው የላፕቶፕ ቻርጀር እንዲህ ነው። ጠፍጣፋውን ሶኬት ግን በልል አስማሚ ከመሰካት፣ ደሴ ላይ ክብ ጥርስ ያለው ገመድ ገዝቶ መቀየር ይሻላል፤ ልል ነገር ይግላል፣ ይቀልጣል።

ሃያ ዴስክቶፕ ከነስክሪናቸው እያንዳንዳቸው 120 ዋት ቢወስዱ 2,400 ዋት ነው፤ 11 አምፔር ገደማ። ይህን ሁሉ በአንድ ዲቫይደር አንጠልጥሎ ማን ይተኛል? ሃያ ላፕቶፕ በ45 ዋት ቢሰላ 900 ብቻ ነው፤ መብራት ሲሄድም ባትሪው ይይዛል። ስለዚህ ላፕቶፕ ይላክ።

ክሮምቡክ፣ ማለትም በዊንዶውስ ፈንታ በጉግል ሲስተም የሚሠራው ላፕቶፕ፣ ሲሆን ግን ጠንቀቅ ነው። የቀድሞው ትምህርት ቤት ከመዝገቡ ካልሰረዘው፣ ቢያጠፉት ቢያድሱት የዚያኑ ትምህርት ቤት አካውንት ይጠይቃል፤ ኮምቦልቻ ላይ ማንም አይከፍተውም። የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ይለፍ ቃል ያለው የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕም ያው ነው። ሁለቱም ከመጫናቸው በፊት እዚሁ ተከፍተው መታየት አለባቸው።

ከሠላሳ ዓይነት ሠላሳ ማሽን ይልቅ አንድ ዓይነት አሥር እመርጣለሁ። የአንዱ ቻርጀር ለሌላው ይሆናል። መለዋወጫውም ለብቻው ተዘርዝሮ ይላክ፤ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ማድረጊያ ደረሰኝ) ገቢ የሆነን ማሽን ፈትቶ ለሌላው መለዋወጫ ማድረግ ለንብረት ክፍሉ ሰው ጣጣ ነው። ለአሥር ላፕቶፕ ሦስት ትርፍ ቻርጀር፣ ሁለት ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ)፣ አንድ ራም (የማሽኑ የሥራ ማህደረ ትውስታ) ይበቃል።

እና ባትሪ፤ ትልቁን አይደለም፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች፣ ሲአር 2032 የምትባለውን። እሷ ስትሞት ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾች "ደህንነቱ አልተረጋገጠም" እያሉ አንከፍትም ይላሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ "ኔትወርክ ነው" ብሎ ይወጣል።