ታስክባሬን ልቀቁልኝ!

ኧረ በፈጠራችሁ፣ ይሄን ታስክባር የሚሉትን ነገር አንድ በሉልኝ! ከስክሪኑ ግርጌ የተዘረጋች አንዲት ቀጭን መስመር ናት፣ ግን የማይሻማባት የለም። ብሮውዘር አለ፣ ኢሜይል አለ፣ ፋይል መክፈቻው አለ፣ ኤክሴል አለ፣ ለአንድ ጊዜ ሥራ የተጫነ የፒዲኤፍ ማያያዣ አለ፣ ደግሞ ማን እንዳመጣው የማላውቀው ቀለሙ የተዥጎረጎረ አንድ አይከን አለ። ግማሾቹ ሰማያዊ ናቸው። መልእክት መላኪያው ሰማያዊ፣ ጽሑፍ መጻፊያው ሰማያዊ፣ ኢሜይሉም ሰማያዊ። ምናለ አንዱ እንኳ ቡናማ ቢሆን?

ብዙ ሰው የማይገባው ነገር አለ። እኔ አይከን የምደረድረው ለውበት አይደለም፣ ለእጄ ነው። ሁለተኛው ቦታ ላይ ብሮውዘር፣ ሦስተኛው ላይ ኢሜይል ከተቀመጠና ትንሽ ከሰነበተ ዓይኔ ሳያይ እጄ ይሄዳል። ኪቦርድ ላይም እንደዚያው ነው፤ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ 1ን ስትጫኑ የመጀመሪያው ይከፈታል፣ 2ን ስትጫኑ ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ 9፣ 0 ደግሞ አሥረኛውን። ግሩም ነገር ነው፣ የማትጠቀሙበት ካላችሁ ዛሬውኑ ሞክሩት። ግን ቁጥሩ የተሰጠው ለፕሮግራሙ ሳይሆን ለቦታው ነው። አንዱ ድንገት መጥቶ ሁለተኛው ቦታ ላይ ቢሰየም የኔ 3 ወደ 4፣ 4ቱ ወደ 5 እየተገፋ ሰልፉ ሁሉ ይናጋል። ኢሜይል ልመልስ ብዬ 3ን ስጫን ብሮውዘር ፊቴ ላይ ይደቀናል። በዚያ ላይ ሰው መልስ እየጠበቀ!

ደግሞ እኮ ይሄ እንዳይመጣ ታስቦበት ነበር። ዊንዶውስ 7 ሲሠራ ፕሮግራሞች ራሳቸውን ታስክባር ላይ ፒን የሚያደርጉበት፣ ማለትም አይከናቸውን በቋሚነት የሚሰኩበት መንገድ ሆን ተብሎ እንዲቀር ተደርጓል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ መንገዱ ከተከፈተ የትኛው ፕሮግራም ነው «እኔ ተፈላጊ አይደለሁም» ብሎ የሚቀር? ያም ሆኖ መላ አያጡም። አንዱ ሲጫን ከታች በደቃቃ ፊደል የተጻፈች፣ ቀድማ የተመረጠች ሳጥን ያስቀምጣል። ሌላው አፕዴትን ተገን አድርጎ ብቅ ይላል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! አነሳዋለሁ፣ በሚቀጥለው አፕዴት ተመልሶ ቁጭ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የተባለው ለእኔ ኮምፒውተር ሳይሆን አይቀርም።

ድሮ ቢያንስ መክፈቻው ሌላ፣ የተከፈተው ሌላ ነበር። በዊንዶውስ 98 ጊዜ ከስታርት አጠገብ ክዊክ ላንች የምትባል ትንሽ ቦታ ነበረች፤ ፕሮግራም የሚከፍቱት አቋራጮች፣ ሾርትከቶቹ፣ እዚያ ይቀመጣሉ፣ የተከፈቱት መስኮቶች ከጎናቸው ይሰለፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ዊንዶውስ 7 መጣና ሁለቱን ቀላቀላቸው። ቦታ ቆጥቧል፣ አልካድኩም። ግን አሁን የተከፈተውን ካልተከፈተው የምለየው ከአይከኑ ሥር ባለች አንዲት ጭረት ነው። ስክሪኑ ላይ ብርሃን ካረፈበትማ እሷም አትታይም።

ከሁሉ አንጀቴን ያቃጠለኝ ግን የቱልባሩ ነገር ነው። እስከ ዊንዶውስ 10 ድረስ የፈለጋችሁትን ፎልደር ታስክባር ላይ እንደ ሜኑ ማስቀመጥ ትችሉ ነበር። የሂሳቡን ሾርትከቶች በአንድ ፎልደር፣ የፎቶውን በሌላ፤ ስሙ አጠገብ ያለችውን ቀስት ጠቅ ስታደርጉ ዝርዝሩ ወደ ላይ ይወጣል። ሠላሳ ፕሮግራም በሁለት ቃል ቦታ! ለተዝረከረከ ታስክባር ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላየሁም። በ2021 ዊንዶውስ 11 ሲወጣ ታስክባሩ እንደ አዲስ ተሠራና ይሄ ቀረ። መስመሩን ወደ ስክሪኑ ጎን ማዞርም አብሮ ቀረ። የዛሬ ስክሪን ወደ ጎን ሰፊ ነው፣ የምናነበው ሁሉ ደግሞ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ታዲያ ከቁመቱ ላይ መቀነስ ምን ይሉታል? ፋይል ጎትቶ አይከን ላይ ማሳረፍ እንኳ ቀርቶ ነበር፣ በ2022 ነው የተመለሰው። እያንዳንዱን መስኮት ከነስሙ ለየብቻ ማሳየት የተመለሰው ደግሞ በ2023። የነበረን ነገር ወስደው ሲመልሱልን «አዲስ» ይሉታል፣ እኛም እልል እንላለን።

በዚያ ላይ አይከኖቹን መሐል ላይ ሰበሰቧቸው። መሐል ሲሆን ምን ይሆናል? ፒን ያልተደረገ አንድ ፕሮግራም በከፈታችሁ ቁጥር ሰልፉ በሙሉ ግማሽ አይከን ያህል ወደ ግራ ይሸሻል፣ ስትዘጉት ይመለሳል። ለእጅ የተደረደረ ነገር ቆሞ ካልጠበቀ ምን ዋጋ አለው? ደግነቱ ሴቲንግ ገብቶ ወደ ግራ መመለስ ይቻላል፤ መጀመሪያ ያደረግኩትም እሱን ነው።

እሺ፣ አንድ ፎልደር ብቻ ላስቀምጥ አልኩ። የወሩን ሰነዶች የያዘ፣ በየቀኑ የምከፍተው ፎልደር። ጎትቼ ታስክባሩ ላይ ሳሳርፈው የፋይል መክፈቻው፣ የኤክስፕሎረር፣ ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ራይት ክሊክ ካላደረጋችሁ የማይታይበት ጓዳ። መላው ይሄ ነው፦ ዴስክቶፕ ላይ አዲስ ሾርትከት ትፈጥራላችሁ፣ አድራሻ ሲጠይቃችሁ መጀመሪያ «ኤክስፕሎረር» የሚለውን በእንግሊዝኛ (explorer) ትጽፋላችሁ፣ አንድ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ የፎልደሩን ሙሉ አድራሻ በትእምርተ ጥቅስ። ያን ጊዜ ፎልደሩ እንደ ፕሮግራም ይቆጠርና ፒን ይደረጋል። አይከኑን መቀየር እንዳትረሱ፣ አለዚያ ሁለት ተመሳሳይ ቢጫ ፎልደሮች ጎን ለጎን ተገትረው የቱ የቱ እንደሆነ ግራ ይገባችኋል። አንድ ፎልደር ለማስቀመጥ ይሄ ሁሉ!

ክፍተት ደግሞ የለም። የሥራውን ከግሉ የምትለይ አንዲት ቀጭን መስመር፣ ወይም ባዶ ቦታ፣ ሌላ ምንም አልጠየቅኩም። ሰው ቢቸግረው የማይታይ አይከን ያለው ባዶ ሾርትከት ሠርቶ በመሐል ይሰካል። እኔም ሰክቻለሁ። ይሠራል፤ ግን ያቺ «ባዶ» ቦታም ቁጥር ትይዛለች፣ ከአሥሩ አንዷን በላችብኝ ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ አስተካክዬ ስጨርስ ኮምፒውተር ብቀይርስ? ሾርትከቶቹ ያሉበት ፎልደር አለ፣ ገልብጬ መውሰድ እችላለሁ። ተራቸው ግን እዚያ የለም፤ ዊንዶውስ ቅንብሮቹን በሚያስቀምጥበት መዝገብ፣ ሬጅስትሪ ውስጥ ነው የተቀበረው። ስለዚህ አይከኖቹ በእጄ ላይ እያሉ አደራደራቸው ይቀራል፣ እንደገና አንድ በአንድ እየጎተቱ ማሰለፍ።

አውቃለሁ፣ አሁን አንዱ ብቅ ብሎ «ለምን ሰርች አታደርግም? ስሙን ጻፍና ኢንተር በል» ሊለኝ ነው። ወንድሜ፣ ስሙን ስጽፍ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ከኢንተርኔት የተለቀመ ውጤት ነው። ሌላው ደግሞ «ዴስክቶፕ ላይ አድርገው» ይላል። ዴስክቶፑ ከስምንት መስኮት ሥር ነው ያለው፣ ማን ይቆፍረው?

ያቺን የፎልደር ሜኑ የምትመልስ፣ የማታጭበረብርና ኮምፒውተሩን የማታዘገይ ፕሮግራም የምታውቁ ካላችሁ ግን በእናታችሁ ጠቁሙኝ። አንድ ልመና ብቻ፦ ስትጫን ራሷን ታስክባር ላይ የማትሰቅል ትሁን።