የአቃቂው ማኅበር መዋጮ፦ ለእንቁላል ማስፈልፈያ ወይስ ለፎሊክ አሲድ ትምህርት?

በአቃቂ ቃሊቲ የባዮሎጂ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች እየተሰባሰቡ ስለ ፅንስ እድገት ምርምር የሚወያዩበት ማኅበር፣ የዘንድሮውን መዋጮ የዶሮ ፅንስ ለማሳየት በእንቁላል ማስፈልፈያ ላይ ወይስ ሴቶችን ስለ ፎሊክ አሲድ (ከቫይታሚን ቢ ወገን ስለሆነው ንጥረ ነገር) በማስተማር ላይ እንደሚያውል ሁለት አባላት በጽሑፍ ተከራክረዋል።

መምህሩ፦ የፅንስን እድገት ሳይንስ በወሬ ብቻ የሚከታተል ማኅበር ከተመልካችነት አያልፍም። ለም እንቁላል ከቢሾፍቱ እርባታዎች ማምጣት ቀላል ነው። ማስፈልፈያውን 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ካቆየንና፣ በመርፌ ጥቂት የእንቁላሉን ነጭ ስበን ፅንሱ ከቅርፊቱ ዝቅ እንዲል ካደረግን በኋላ፣ ከላይ ትንሽ መስኮት ቆርጠን በግልጽ ፕላስተር ብንሸፍነው፣ ተማሪው በሁለተኛው ቀን የነርቭ ቱቦው (በኋላ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ክፍል) ጠርዞች ተጠጋግተው ሲገጥሙ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ልቡ ሲመታና ቀያይ የደም ሥሮች በአስኳሉ ላይ ሲዘረጉ በዓይኑ ያያል። ፈረንሳዊቷ የፅንስ ተመራማሪ ኒኮል ለ ዱዋረን የድርጭት ሕዋሳትን በዶሮ ፅንስ ላይ ተክለው፣ ከነርቭ ቱቦው ጫፍ የሚነሡ ሕዋሳት እስከ ፊት አጥንት ድረስ እንደሚጓዙ ያሳዩት በእንቁላል ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ለእኛ አቅም የራቀ አይደለም።

ሲስተር፦ መምህር፣ የሚያሳዩን ነገር ድንቅ መሆኑን አልክድም፤ እኔ ግን የምሠራው በማዋለጃ ክፍል ነው። የሰው የነርቭ ቱቦ ፅንስ ከተፈጠረ በ28ኛው ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ ህብለ ሰረሰሩ ከጀርባው ተከፍቶ ወይም የራስ ቅሉ ሳይገጥም ይወለዳል። እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ካውንስል ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ እርግዝና በገጠማቸው ሴቶች ላይ ፎሊክ አሲድ አደጋውን በ72 በመቶ እንደቀነሰ አረጋግጧል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ በፅንሱ ላይ በምን መንገድ እንደሚሠራ አልታወቀም ነበር። ልጆቹ የዳኑት የአሠራሩ ዕውቀት እስኪሟላ ሳይጠበቅ ነው። ፎሊክ አሲድ በስንዴ ዱቄት ላይ እንዲጨመር መደረጉም መልካም ነው፤ ሆኖም ጤፏን በሰፈር ወፍጮ ቤት አስፈጭታ እንጀራ የምትጋግር ሴት ጋ ያ ዱቄት አይደርስም። ለእርሷ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ከማርገዟ በፊት መጀመር እንዳለባት የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል።

መምህሩ፦ ሲስተር፣ «ከማርገዝሽ በፊት ጀምሪ» የምትሉት ለምንድን ነው? ቱቦው የሚዘጋበት ቀን ስለታወቀ አይደለምን? ያን ቀን ያወቅነው ፅንስን በስስ በስሱ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ከመረመሩ ሰዎች ነው። ፎሊክ አሲድ የማያድነው ቀሪ ክፍልም አለ፤ የእርሱን ምክንያት የሚፈልግ ወጣት ከየት ይመጣል? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የመማሪያ መጽሐፉን ሥዕል ብቻ አይቶ ፅንስ አጥኚ ይሆናል ብዬ አላምንም።

ሲስተር፦ ቀኑ አንዴ ታውቋል፤ አቃቂ ላይ እንደገና መድከም አያሻንም። ወጣት ተመራማሪ እንደሚያስፈልግ ግን እስማማለሁ፤ ለቀሪዎቹ ሕፃናት መልስ የሚመጣው በእርግጥም ከእንደነዚያ ወጣቶች ነው። ሆኖም በሰፈራችን መብራት ለግማሽ ቀን ሲጠፋ እንቁላሎቹ ይቀዘቅዛሉ፤ ስለዚህ ከማስፈልፈያው ጋር የመጠባበቂያ ባትሪም ሊገዛ ነው። መዋጮው ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ድምፄን የምሰጠው በወፍጮ ቤት ወረፋ ለሚጠብቁት ሴቶች ነው።