የሉቤክን ሥዕል ያጠፋው ቦምብ ብቻ አይደለም

ሉቤክ በባልቲክ ባሕር ንግድ የከበረች የጀርመን ከተማ ናት። በመካከለኛው ዘመን የሀንዛ ነጋዴዎች ማኅበር መሪ እሷ ነበረች። ነጋዴዎቿ በጡብ ባሠሩት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት ጸሎት ቤት አለች። ስሟ «የሞት ጭፈራ ጸሎት ቤት» ነው።

ስሙን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1463 ከተሣለላት ሥዕል ነው። ሠዓሊው በርንት ኖትከ እንደሆነ ይታመናል። 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሸራ ግድግዳዋን ዞሯት ነበር። ጳጳሱ፣ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ነጋዴው፣ ገበሬው በየማዕረጋቸው ተሰልፈዋል። በየመሀላቸው አጽም የሆነ ሞት እጃቸውን ይዞ ይጨፍራል። ከኋላቸው የሚታየው ሉቤክ ራሷ ናት፤ ከነማማዎቿ፣ ከነመርከቦቿ። ለጸሎት የገባ ሰው የገዛ ሰፈሩን እያየ ነበር የሚጸልየው።

ከሰልፉ መጨረሻ አልጋው ላይ የተኛ ሕፃን አለ። ከሥዕሉ ሥር በተጻፈው ግጥም እሱም ይናገራል፦ «ሞት ሆይ፣ ይህ እንዴት ይገባኛል? ጨፍር ትለኛለህ፤ እኔ ገና መሄድ አልችልም!» ወረርሽኝ በተመላለሰበት ከተማ ይህን ያነበበች እናት ምን እንደተሰማት ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ይህ ሥዕል በ1942 በእንግሊዝ ቦምብ ተቃጠለ ይባላል። እውነት ነው፣ በዚያ መጋቢት ለሆሳዕና አጥቢያ ቤተ ክርስቲያኑ ነደደ። ደወሎቹ ከማማው ወድቀው ተሰባበሩ፤ ዛሬም ለመታሰቢያ እዚያው እንደወደቁ አሉ። ጸሎት ቤቷ ውስጥ የተቃጠለው ግን ቅጂ ነው። አሮጌው ሸራ ስለተጎዳ በ1701 አንቶን ቮርትማን የሚባል ሠዓሊ ገልብጦ እንደገና ሣለው። ወጣቱ የሙዚቃ ሰው ባኽ በ1705 የዚህን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ቡክስተሁደን ለመስማት በእግሩ ሉቤክ ሲገባ ቅጂው ገና አራት ዓመቱ ነበር።

እኔን የሚቆጨኝ 1701 ነው። ሥዕሉ አርጅቷል፣ መታደስ ነበረበት፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ግጥሙ ምን አደረጋቸው? የከተማው ሰው በሚያወራው በታችኛው ጀርመንኛ የተጻፈውን አንስተው፣ በጊዜው ፋሽን በተዋበ አዲስ ግጥም ተኩት። ይህ እድሳት አይደለም። ጦርነት ሳይመጣ፣ በሰላም ቀን፣ በበጎ ፈቃድ የተሠራ ጥፋት ነው። እንዲህ ያለው ጥፋት ደግሞ የሚያለቅስለት እንኳ የለውም።

ደግነቱ ያኮብ ፎን መለ የሚባሉ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። አሮጌው ግጥም ከመነሣቱ በፊት የሚነበበውን ያህል ገለበጡት። ለእኔ የዚህች ጸሎት ቤት ባለውለታ እሳቸው ናቸው።

ከዚያው ሠዓሊ እጅ የወጣ ሌላ የሞት ጭፈራ ኢስቶኒያ ውስጥ ተርፏል፤ በታሊን ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን፣ በቅዱስ እንጦንስ ጸሎት ቤት። የቀረው 7 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ጳጳሱ አለ፣ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ አሉ፣ ካርዲናሉ አለ፣ ንጉሡ ጋ ሲደርስ ሸራው ያልቃል። ሕፃኑ እዚያም የለም። ኖትከ የሣለውን ፊቱን ዛሬ ማንም አያይም፤ ድምፁ ግን በቄሱ ወረቀት ተርፏል።