ጥቅምት 30ን ስንጠብቅ

አምና መስከረም መጨረሻ ላይ ታላቅ እኅቴ ደውላ «እሑድ ቴአትር እንግባ፤ ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ» አለችኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «ከጥቅምት 30 በኋላ ይሁን» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ ካቻምናም እንዲሁ ብለኸኝ ነበር እኮ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ደስ አላለኝም።

የሒሳብ ሰው ነኝ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋና የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች (ድርጅቶችና ትልልቅ ነጋዴዎች) ዓመታዊ ግብራቸውን አሳውቀው የሚከፍሉበት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ይሆናል። አራት ወር ለሰሚው ብዙ ነው። ነጋዴው ግን ክረምቱን «እመጣለሁ፣ እመጣለሁ» ሲል ይከርምና ደረሰኙን በፌስታል አጭቆ ጠረጴዛዬ ላይ የሚዘረግፈው ልክ አደይ አበባ ሲፈነዳ ነው። በአንዱ ፌስታል ውስጥ የሁለት ዓመት ደረሰኝ፣ የመብራት ክፍያ፣ የልጅ የክትባት ካርድና አንድ ጊዜ ደግሞ ግማሽ እሽግ ማስቲካ አግኝቻለሁ። እኅቴ ይህን ታሪክ ስለምታውቅ መስከረም በመጣ ቁጥር «ፌስታሎቹ ደረሱ?» ብላ ትጠይቀኛለች።

ይህ የኔ ብቻ ጣጣ አይደለም። መሥሪያ ቤት ያለው ሰው የመጀመሪያው ሩብ ዓመት መስከረም 30 ስለሚያልቅ ሪፖርት ላይ ነው። ወላጅ የሆነው ክፍያ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ላይ ነው። እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና ኢሬቻ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተከታትለው ይመጣሉ፤ እንግዳው፣ ድግሱና ዘመድ ጥየቃው አብሮ። እናም በዓመቱ ውስጥ ሰማዩ እጅግ የሚጠራበትን፣ አቧራውም ጭቃውም የማይኖርበትን፣ ተራራው ሁሉ ቢጫ የሚለብስበትን ስድስትና ሰባት ሳምንት ወረቀት ላይ አቀርቅረን እናሳልፈዋለን። ቀና ስንል ኅዳር ገብቷል፤ አበባው ረግፎ የቀረው አገዳው ነው።

«ጊዜ የለም» የሚለውን መልስ ለብዙ ዓመት አምኜበት ኖሬአለሁ። አሁን ግን እንደ ሙያዬ ሳየው ስሕተቱ አመዘጋገቡ ላይ ነው። የቤት ኪራይን «ካተረፍኩ እከፍላለሁ» የሚል ሰው የለም፤ ኪራይ ወጪ ነው፣ ትርፍ የሚታወቀው እሱ ከተቀነሰ በኋላ ነው። ቴአትሩን፣ ሙዚቃውንና ተራራውን ግን ከትርፍ ላይ እንደሚከፈል ምርቃት ይዘነዋል። ሥራ ደግሞ ጊዜ አያስተርፍም። «አንድ ቀን እንሄዳለን» የምንለው ሁሉ በየዓመቱ ወደሚቀጥለው መዝገብ እየተሻገረ የሚሄድ፣ ማንም የማይሰበስበው ተሰብሳቢ ሒሳብ ሆኗል።

ፒያሳ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ ጃዛምባ የሚባል የጃዝ ቤት ነበር። ጓደኞቼ ሁሉ ሄደው አውርተውልኛል፤ እኔ «ሥራው ይቅለልልኝ» እያልኩ ቆየሁ። በጥር 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ሲቃጠል ጃዛምባም አብሮ ተቃጠለ። የካዛንቺሱ ፈንድቃ ከአዝማሪ ቤትነት ተነሥቶ የባህል ማዕከል እስከ መሆን የደረሰ ቤት ነው፤ እሱንም ሁለት ጊዜ ብቻ አየሁት፣ ከሠፈሩ ጋር በ2017 ዓ.ም. ፈረሰ። በዚህ ከተማ «የትም አይሄድም» የሚባል ነገር የለም።

በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚልን ሰው «የመስቀል ወፍ» ብለን እንቀልድበታለን። እኔ ለቴአትር ቤቱም ለእንጦጦም የመስቀል ወፍ ሆኜ ነበር። (አነጋገሩ ወፉን ይበድለዋል፤ እግረ መንገዴን ልናገርለት። ወንዱ ለመራቢያው ወቅት ደማቅ ላባ ይለብሳል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ያን ጥሎ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። የትም አልሄደም፣ ያው እህል መሀል እየለቀመ ነው፤ እኛ ድንቢጥ መስሎን እናልፈዋለን።)

ለማንኛውም፣ አምና እኅቴ ስትስቅ የሰማሁት ነገር ከንክኖኝ ማታውኑ መልሼ ደወልኩና «ቁረጪው» አልኳት።

ጥቅምት ሁለተኛው እሑድ፣ የ11 ሰዓቱ ትርኢት። ስልኬን ለመዝጋት ስጠራጠር መብራቱ ጠፋ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። ደንበኛዬ ነበር። ከኋላዬ የተቀመጡ አዛውንት «ልጄ፣ እዚህም ቢሮ ከፈትክ?» አሉኝ፤ መድረኩ ላይ ካለው ተዋናይ ይልቅ እሳቸው አሳቁ። ዘጋሁት። ከዚያ ሁለተኛው ክፍል ላይ ተዋናዩ የሻይ ብርጭቆ ሲያነሣ ከእጁ አምልጦ ተሰበረ። በድርሰቱ ውስጥ እንዳልነበረ ከተዋናይቷ ፊት ይታወቃል። እሱ ስብርባሪውን ቁልቁል አይቶ፣ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ዞሮ «ይህም ከደመወዜ ይቆረጣል» አለ። አዳራሹ ፈነዳ። ተዋናይቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኅቴ ክንዴን ጨብጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ያን ዓይነት ሳቋን ከሰማሁ ስንት ዓመቴ። ያቺ ብርጭቆ የተሰበረችው ለዚያ እሑድ፣ እዚያ ለነበርን ሰዎች ብቻ ነው። በቴሌቪዥን ቢሆን ተቆርጣ ትወጣ ነበር።

«ኑሮው እንዲህ ከብዶ ስለ ቴአትር ታወራለህ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ነቀፋውም ከንቱ አይደለም። ከትኬቱ ይልቅ የአራት ሰው ቤተሰብ የመመላለሻ ሒሳብ ያስደነግጣል። ነገር ግን «አሁን ጊዜው አይደለም» የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም። የሀገር ፍቅር ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1927 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያን ጦር ድንበር ሊሻገር ሦስት ወር እንኳ ሳይቀረው። መሥራቾቹ እነ መኮንን ሀብተ ወልድ ሕዝቡን የሰበሰቡት በንግግርና በዘፈን ነበር። «ጦርነት እየመጣ ዘፈን ምን ይሠራል» ያላቸው ሰው ሳይኖር አይቀርም። ብሔራዊ ቴአትርም ቢሆን በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ነው፤ ዘውዱ የተጫነው ጥቅምት 23 ቀን ነበርና የመፀው ልጅ ነው ብል አይፈረድብኝም።

ገጠሩን ደግሞ እንይ። ገበሬ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀና የሚልበት ጊዜ የለውም፤ ገብሱ ይታጨዳል፣ ጤፉ ይደርሳል፣ ወፍና ከብት ይጠበቃል። ግን ደቦው ያለ ዘፈን አይሄድም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው የጽጌ ወቅት ደግሞ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በየሳምንቱ ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌተ ጽጌን ሌሊቱን ሙሉ ይቆማሉ። ማኅሌት ጸሎት እንጂ ኮንሰርት አይደለም፤ እንዲህ አድርጌ ሳነጻጽር ሊቆጡ የሚችሉ አባቶችን ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ መቋሚያው በአንድነት ከፍ ዝቅ ሲል፣ ጸናጽሉ ሲንሿሿና ከበሮው ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ ሲሄድ ቆሞ ያዳመጠ ሰው «በሥራ ብዛት ሙዚቃ አልሰማሁም» ለማለት ያፍራል። መግቢያው ነጻ ነው፤ የሚፈልገው ጋቢና ጽናት ነው።

ኮንሰርቶቻችን ላይ ግን ቅሬታ አለኝ፤ እዚህ ላይ ሰነፉ እኔ ብቻ አይደለሁም። ትልልቆቹ ኮንሰርቶች የሚከማቹት በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። ጳጉሜን ደግሞ ገና ክረምት ነው! አንድ ዓመት ትኬቱ «በር ከቀኑ 9 ሰዓት ይከፈታል» ስላለ በሰዓቱ ሄድኩ። ሜዳው ተረግጦ ተረግጦ ሊጥ ሆኗል። ዋናው ድምፃዊ መድረክ ላይ የወጣው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ሌላውን ብቻ አድርጌ ቆሜ ነበር። ሲያልቅ ታክሲ የለም፤ በስልክ የሚጠራው መኪና የሚጠይቀው ዋጋ ከትኬቱ ይበልጣል። ከሃያ ሺህ ሰው ጋር በእግር ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ያለ አንድ ጫማ።

ሦስት ሳምንት ቢታገሡ ሰማዩ ይጠራል፤ ሜዳውም ይደርቃል። ከዚያም በላይ፣ አዘጋጆች በሥራ ቀን ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ጀምረው 2 ሰዓት ተኩል ላይ የሚጨርሱ ዝግጅቶችን ቢያበዙ፣ «ጊዜ የለኝም» የሚለው ሰው ግማሹ ይመጣል ብዬ እገምታለሁ። ሰው የሚፈራው ዘፈኑን አይደለም፣ መመለሻውን ነው። የፈረንሳይና የጀርመን የባህል ማዕከላት በሆኑት በአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና በጎተ ተቋም ምሽቶች ላይ በተገኘሁባቸው ጊዜያት የማየው ሕዝብ ከሥራ በቀጥታ የመጣ፣ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ሰው ነው። ክራሩን ሰምቶ፣ ታክሲ ሳይጠፋ ቤቱ ይገባል።

ከአዳራሽ ወጥቶ አየር ለመቀበል ደግሞ እንጦጦ አለ። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከተመረቀ ወዲህ ፎቶ የሚነሣው ሰው በዝቷል፤ እኔ የምመርጠው የማለዳውን የእግር መንገድ ነው። ባለፈው ጥቅምት፣ ከቴአትሩ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ ገና 12 ሰዓት ላይ ሽቅብ ጀመርን። ከባሕር በላይ ወደ 3,000 ሜትር ሲጠጋ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶች ለምን ሥጋ እንዳማራቸው ይገባል። አትሌቶች በሰልፍ፣ ትንፋሻቸው እንደ ጭስ እየወጣ በባሕር ዛፉ መካከል አለፉን። ከፊት ለፊታችን ደግሞ ጀርባቸው ከማገዶው እኩል የጎበጠ ሁለት እናቶች ቁልቁል ይወርዱ ነበር፤ እኛ የምንዝናናበት ዳገት ለእነሱ የሥራ ቦታ ነው። ልጄ ቆማ አየቻቸው፣ ከዚያ የያዘችውን ውኃ ለአንደኛዋ ሰጠቻት። ብዙ አላወራንም።

አደይን የፈለገ ባሕር ዛፍ ሥር አይፈልግ። ከደኑ ወጣ ሲሉ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ገላጣ ሜዳና የአጥር ጥግ ላይ ነው። ልጄ አንድ ዘለላ ቆርጣ ጆሮዋ ላይ ሰካችና «አባዬ፣ ይህን በየሳምንቱ ለምን አንመጣም?» አለችኝ። ጥሩ መልስ አልነበረኝም። መኪና ያለው ወይም ተባብሮ መከራየት የሚችል ወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባን ደን ይይ፤ ጽዱ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲወረወር ነጭ ጭራው ከሩቅ ይታያል፤ የምኒልክን ድኩላ ለማየት ግን ዝም ብሎ መሄድ ያስፈልጋል፤ ከልጆች ጋር አይሞከርም።

ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ አለ። በኅዳር 1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ 10,000 ሰው ተመዝግቦ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ አንደኛ ወጣ፤ ዛሬ ከ40,000 በላይ ሰው ይሮጣል። ይሮጣል ስል አንባቢ እንዳይሳሳት፤ ከኋላ ያለነው እንራመዳለን፣ እንጨፍራለን፣ ውኃ እንራጫለን። ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ቲሸርቱ ነው። አስቀድመህ ከፍለህ ቤትህ ውስጥ ሰቅለኸዋል፤ በሩን በከፈትክ ቁጥር ያይሃል። አምና ሥራ ቢበዛብኝም የቀረሁበት ሰዓት የለም፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ወጥቷል፣ ልጄም ቲሸርቷን ለብሳ ከማለዳው ጀምሮ በር ላይ ቆማለች።

ዘንድሮ እንዲሁ አደረግኩ። ገና ጳጉሜን ላይ ከቀን መቁጠሪያው ውስጥ አራት ቀን በቀይ ከበብኩ፤ ሁለቱ እሑድ ለቴአትር፣ አንዱ ቅዳሜ ለእንጦጦ፣ አንዱ ረቡዕ ምሽት ለክራር። ደንበኞቼ ቅር አላቸው? አንዱ አዎን። ለግብር ቀጠሮ ስሰጠው የከበብኩትን ቀን መረጠና «አይቻልም» ስለው «ሐዘን አለብህ?» ብሎ ደነገጠ። «የለም፣ ቴአትር ነው» አልኩት። ትንሽ አሰበና «የት?» አለኝ።

ትናንት ማታ ለእኅቴ ደወልኩላት። «እሑድ 11 ሰዓት፣ ትኬቱን ቆርጬዋለሁ» አልኳት።

«ፌስታሎቹስ?» አለችኝ።

ሁለቱ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። ሦስተኛው ገና አልመጣም።