ለማጨብጨብማ ምን ሰበሰባችሁን?

ድሬዳዋ ውስጥ በየወሩ የሥነ ጽሑፍ ምሽት የሚያዘጋጁ ሰዎች ባለፈው ሳምንት ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ከእንግዲህ ከታዳሚው አስተያየት አይወሰድም፤ የተጋበዙ 3 ሰዎች ይናገራሉ፣ ሌላው አዳምጦ ያጨበጭባል። ሰበቡ ያለፈው ወር ጭቅጭቅ ነው። ከሁሉም ያንገበገበችኝ ግን የመጨረሻዋ መስመር ናት፦ «ሂስ ባህላችን ስላልሆነ»።

ኧረ አቦ! ከመቼ ወዲህ? የቅኔ ተማሪ 2 ቤት (ስንኝ) ያላትን አጭር ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን፣ ቆጥሮ፣ ማለትም ገጥሞ፣ መምህሩ ፊት ሲቀርብ ምን የሚጠብቀው ይመስላችኋል፣ ጭብጨባ? ዜማው ከጎደለ ይነገረዋል፣ ምሥጢሩ ካልገጠመ ይነገረዋል፣ ያውም ጓደኞቹ እየሰሙ። ከ2 ቤት ተነሥቶ 8 ቤት ያለው ረጅም ቅኔ፣ መወድስ፣ ላይ የሚደርሰው እየታረመ ነው። ባህላችን ያልሆነውስ ሰው ሰብስቦ አፉን መለጎም ነው።

ስድብ ነበር? ነበር። የሰደበው ይውጣ፣ አለቀ።

ጠቡን የወለደው አጠያየቁ ነው። በአንድ ምሽት 9 ሰው ያነባል። ጽሑፉ በማንም እጅ የለም። መድረክ መሪው ማይኩን ወደ አዳራሹ ዘርግቶ «እሺ፣ አስተያየት ያለው?» ይላል። አንድ ጊዜ በጆሮው ብቻ ስላለፈ ግጥም ሰው ምን ይበል? ስንኙን አያስታውሰውም፤ ስለዚህ ስለ ገጣሚው ያወራል። መስመር ያልያዘ አስተያየት ሁልጊዜ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው።

አንድ ጀማሪ ስለ ድሬዳዋው ሰፈር ስለ ከዚራ፣ ወል ቤት በሚባለው የግጥም ምጣኔ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

የከዚራ ዛፎች ጥላ ሲያርፍብኝ፣
የሄደው ባቡር ጡሩምባ ተሰማኝ።

አንዱ ይነሣና «ድሬ ላይ ባቡር ባቡር ማለት አይሰለቻችሁም?» ይላል። አዳራሹ ይስቃል፣ ልጁ አንገቱን ይደፋል። ሌላዋ ወረቀቱን ይዛ፣ «ወል ቤት ስንኙ ለሁለት ተከፍሎ 6 በ6 ቀለም ነው፤ ቀለም የምንለው በአፍ የሚሰማውን ምት እንጂ ፊደሉን አይደለም፣ ‹ባ-ቡር› 2 ነው። የሁለተኛው ስንኝ መነሻ፣ ‹የሄደው ባቡር›፣ 5 ብቻ ነው፤ ‹የሄደችው ባቡር› ብትለው ይሞላል» ትለዋለች። (ባቡር ወንድ ነው ሴት የሚለው ራሱን የቻለ ጠብ ነው፤ ይቆየን።) የእሷ አስተያየት ከፊተኛው የለዘበ አይደለም፤ ጥፋቱን ነው የነገረችው። ልጁ ግን ቤቱ ገብቶ የሚሠራው ነገር አገኘ። አክብሮት የምለው ይህንን ነው፤ «አንቱ» እያሉ መስደብማ ማን ያቅተዋል?

አስተያየት መጋበዝ ሥራ አለው። 9ኙን አንባቢ 3 አድርጉት። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ 20 ፎቶ ኮፒ አባዙ፣ ለ2 ሰው አንድ፤ ስንኞቹ ቁጥር ይኑራቸው። ጸሐፊው ከማንበቡ በፊት ምን እንደቸገረው ይናገር፤ «መጨረሻው ተንጠልጥሎ ቀረ ወይ?» ዓይነት። «እንዴት ነው?» ብሎ ለጠየቀማ «አሪፍ ነው» ከመባል ሌላ ምን ይመለስለታል? 20 ስንኝ ሁለት ጊዜ ማንበብ ከ4 ደቂቃ አያልፍም። 5 ደቂቃ ሁሉም ዝም ብሎ ወረቀቱ ላይ ያስምር። ከዚያ 6 ሰው፣ ለእያንዳንዱ 2 ደቂቃ፣ የስንኙን ቁጥር ሳይጠራ የሚናገር የለም። ለጸሐፊው መዝጊያ 3 ደቂቃ። ደምሩት፣ 24 ደቂቃ ነው፤ ሦስቱ ጽሑፍ በ72 ደቂቃ ያልቃል።

ሁለት ቦታ ላይ ይበላሻል። አንደኛው፣ ጸሐፊው መሐል ገብቶ «እኔ ለማለት የፈለግኩት» ሲል ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰው የሚከራከረው ከማብራሪያው ጋር እንጂ ከጽሑፉ ጋር አይደለም። እስክሪብቶ ይያዝና ይጻፍ፣ ተራው ይደርሳል። ሁለተኛው፣ ታላቅ ሰው ቀድሞ ሲናገር ነው። እሳቸው «ግሩም ነው» ካሉ በኋላ የትኛው ልጅ ነው ስንኝ 14 ጎድሏል የሚለው? ከታናሽ ይጀመር።

ሦስቱ ተጋባዦችስ? ወረቀት በእጃቸው ከሌለ እነሱም እንደማናችንም አንዴ ሰምተው ነው የሚፈርዱት። ደግሞም አጭር ልቦለድ ውስጥ አንዲት የቀፊራ ገበያ ነጋዴ ከደንበኛዋ ጋር ስትከራከር፣ ኦሮምኛውን በሶማሊኛ፣ ሶማሊኛውን በአማርኛ እየቀላቀለች፣ ንግግሩ እውነት መምሰሉን ወይም የተፈበረከ መሆኑን ከእነሱ ይልቅ የምታውቀው ቀኑን ሙሉ ስትሸጥ ውላ ማታ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሴት ናት። እንድታጨበጭብ የተወሰነባት እሷ ናት።