የቢዝነስ ተመራቂ እሸት ቡና መግዣው ላይ ይፈለጋል

በትንንሽ የግል ኮሌጆች ቢዝነስ አስተዳደር የሚማሩ ልጆችን «ስትመረቁ የት ትገባላችሁ?» ብትሏቸው አብዛኞቹ «ባንክ» ይሏችኋል። ወላጅም ከእቁብ እያወጣ የሚከፍለው ልጁን ባንክ ቤት ተቀጥሮ ለማየት ነው። ምኞቱን አልነቅፍም። ነገር ግን ባንክ ማስታወቂያ ሲያወጣ የአገሩ ተመራቂ ሁሉ ይረባረብበታል፤ በትምህርት ውጤት ሲጣራም ስሙ ካልታወቀ ኮሌጅ የመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ ከበር ይመለሳል። የሚያሳዝነኝ በተወለደበት ቀበሌ ያንኑ ልጅ አጥብቆ የሚፈልግ ሥራ መኖሩ ነው።

ቡና አብቃዩን የጌዴኦ ዞን እንውሰድ። ከጥቅምት ጀምሮ አርሶ አደሩ ቀኑን የለቀመውን ቀይ እሸት ቡና አመሻሽ ላይ ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ማጠቢያ ጣቢያ ያስረክባል። ቡናው ይመዘናል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ገንዘብ ይከፈላል፤ ሌሊቱን መፈልፈያው ሲሠራ ያድራል። ጠዋት የሚዛን መዝገቡ፣ የደረሰኙ ቀሪና ከካዝና የወጣው ብር መመሳከር አለባቸው። አንድ ኪሎ የታጠበ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ይጠይቃል። ሰባት፣ ስምንት እየሆነ ከመጣ ወይ ጥሬ እሸት ተቀላቅሏል፣ ወይ ሚዛኑ ተበላሽቷል፣ አለዚያም እጅ ገብቶበታል። ይህን በዕለቱ የሚያይ ሰው ከሌለ ጉድለቱ የሚወጣው ከወራት በኋላ ኦዲተር ሲመጣ ነው። ያኔ የትርፍ ክፍፍሉ ይዘገያል፣ አባላቱ በሊቀመንበሩ ላይ ያጉረመርማሉ፣ በቀጣዩ ዓመትም ቡናቸውን ለግል ነጋዴ ይሸጣሉ። ማኅበር የሚፈርሰው እንዲህ ነው።

በክፍል ውስጥ «የውስጥ ቁጥጥር» እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት እኮ ይኸው ነው! ግን ስንት ተማሪ ነው ጣቢያው ድረስ ሄዶ ያየው?

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂ ዲግሪውን ለማግኘት የሚወስደው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና አለ፤ ለማለፍ 50 በመቶ ማምጣት ግድ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ከግማሽ በላዩ ወደቁ። ፈተናውን እደግፋለሁ፤ ዲግሪ እንደ ሸቀጥ ሲቸበቸብ ዝም ከማለት ይሻላል። ኮሌጆች ግን ደንግጠው የመጨረሻውን ዓመት የጥያቄ ወረቀት መሸምደጃ አድርገውታል፤ የተግባር ልምምዱም የማኅተም ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል።

ሥራው በቡና አያበቃም። የቁጠባና ብድር ማኅበራት አሉ፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እየሰበሰቡ ደረሰኛቸውን በፌስታል የሚያጠራቅሙ የሕንፃ መሣሪያ ሱቆችም አሉ። የአራት አምስት ነጋዴ መዝገብ በወር ክፍያ ይዞ የሚተዳደር ልጅ በየከተማው ታገኛላችሁ።

«የማኅበር ደመወዝ ምን አላት?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ ትንሽ ናት፤ ገጠር ማደርም አለበት። ለዚህ ነው ዩኒየኖች (የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ኅብረቶች) በጉድለት የሚያጡትን ብር አስልተው ከዚያ ላይ ለሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ ይጨምሩ የምለው። ሁለት የግዢ ወቅት ጣቢያ ላይ የሠራ ልጅ ቡና ላኪ ድርጅት ዘንድ ሲያመለክት ከውጤቱ ሌላ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

ለወላጆች ደግሞ፦ ከመክፈላችሁ በፊት እውቅናውን አጣሩ። እውቅና የሚሰጠው ለየካምፓሱና ለየትምህርት መስኩ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ ፈቃድ አለው ማለት የእናንተ ከተማው አለው ማለት አይደለም።

ኮሌጆችና የዞን ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች ተቀምጠው ቢነጋገሩ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን ለግዢው ወቅት ጣቢያዎች ላይ መመደብ ይችላሉ። የሚቀጥለው ጥቅምት ላይ እንዲጀመር ስምምነቱ በክረምቱ መፈረም አለበት።