ውዳሴ ለክቡር በመቶ

በዚህች አገር ለብዙ ባለውለታ ሐውልት ቆሟል፤ ለበመቶ ግን እስካሁን አንድም ድንጋይ አልተጣለም። ነውር ነው። እንደ እሱ ሌት ተቀን ያገለገለ፣ ያለ አበል በየስብሰባው የተገኘ፣ በሦስትም መንግሥት ጊዜ ሳይገመገም የኖረ ማን አለ? ሚኒስትሩ ማብራሪያ ሲሰጡ ከጎናቸው ነው። የወረዳው ኃላፊ የዘጠኝ ወር ሪፖርት ሲያነቡ አፋቸው ውስጥ ነው። የዜና አንባቢዋ «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር» ብላ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ ክቡር በመቶ ሊገቡ መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ አውቆ ቀና ይላል።

በመቶ ያልመለሰው ጥያቄ የለም። ውሃ ጠፋ ያለ ሰው የንጹሕ መጠጥ ውሃ ሽፋን ስንት በመቶ እንደደረሰ ይነገረዋል። መብራት ተቋረጠ ያለው የማመንጨት አቅም በስንት በመቶ እንዳደገ ይሰማል። ጀሪካን ይዞ የመጣው ጀሪካኑን እንደያዘ ይመለሳል፤ ጀሪካኑ ባዶ ቢሆንም እሱ ራሱ ግን ሽፋኑ ውስጥ መሆኑን አውቆ ነው የሚመለሰው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥማቱን የት እንደሚመዘግቡለት ያወቀ ሰው እንደ ማንኛውም የተጠማ ሰው አይደለም።

ዕድገትን እንይ። በ2016 ዓ.ም. ኢኮኖሚው 8.1 በመቶ አደገ ተባልን፤ በ2017 ደግሞ 9.2 በመቶ። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመንም «ባለ ሁለት አኃዝ» የሚባል ነገር እንደ ብሔራዊ መዝሙር በቃላችን ነበር። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ያማረሩት ላሚቱን የሚመዝንላቸው ባለሙያ ስላልነበረ ነው። እኛ ዕድለኞች ነን። ወተቱን ባናይም ላሚቱ ከአምናው በ9.2 በመቶ እንደወፈረች በይፋ ተገልጾልናል።

ደግሞ ይህ ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት የሚባለው ቸርነቱ! የማይቆጥረው ነገር ጥቂት ነው። ቤት ሲፈርስ የፈረሰበት የማሽን ኪራይ ይቆጠራል፤ መልሶ ሲሠራም ይቆጠራል። ሰው ታሞ፣ በሬውን ሸጦ፣ የግል ሆስፒታል ሲተኛ የአልጋው ክፍያ ይቆጠራል። መኖሪያው ከሥራው ርቆ በቀን አንድ ታክሲ ይይዝ የነበረ ሠራተኛ ሦስት መያዝ ሲጀምር የትራንስፖርት ዘርፉ ይነቃቃል። ሰውዬው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰልፍ ይዞ ለአገሩ ዕድገት ያደረገውን አስተዋጽኦ ቢያውቅ ኖሮ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲለው እንዲህ ባልተነጫነጨ ነበር።

የበመቶ ጥበብ አምሮ የሚታየው ግን በዋጋ ንረት ላይ ነው። በግንቦት 2014 የዓመቱ ንረት ከ37 በመቶ በላይ ነበር። በ2016 መጨረሻ ወደ 20 በመቶ ገደማ ወረደ፤ በ2017 መጨረሻ ደግሞ 14 በመቶ አካባቢ ደረሰ። ከዚህ በኋላ በየመድረኩ «የኑሮ ውድነቱ እየቀነሰ ነው» መባል ተጀመረ። ሐሳቡን ለማድነቅ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ትዕግሥት ይኑራችሁ። 100 ብር የሚሸጥ ዕቃ እንውሰድ። በመጀመሪያው ዓመት 30 በመቶ ጨመረ፤ 130 ብር ሆነ። በሁለተኛው 20 በመቶ፤ 156 ብር ገባ። በሦስተኛው 14 በመቶ «ብቻ»፤ ለ178 ብር ጥቂት ሳንቲም ቀረው። ንረቱ ከ30 ወደ 20፣ ከ20 ወደ 14 ወርዷል፤ ሦስቱንም ዜና በደስታ ማንበብ ይቻላል። ዕቃው ግን ከ100 ተነሥቶ እጥፍ ሊሆን 22 ብር ያህል ብቻ ነው የቀረው። አንድም ቀን አልወረደም።

እንግዲህ በአንድ የወረዳ አዳራሽ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ እናት እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ንረቱ ወረደ ካላችሁን ሽንኩርቱ ምነው አብሮ አልወረደ?» ብለው ይጠይቃሉ እንበል። መድረኩ ላይ ያለው ባለሙያ አይደናገጥም። «እናት፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፣ ይዘነዋል። የወረደው የጭማሪው ምጣኔ ነው» ይላቸዋል። መልሱ ውስጥ አንድም ስሕተት የለም፤ ማንኛውም የኢኮኖሚክስ መምህር ሙሉ ማርክ ይሰጠዋል። እናትየዋ «እንግዲያው ደግ» ብለው ሲቀመጡ ይጨበጨባል። ለጠያቂዋ ይሁን፣ ለመላሹ፣ ወይስ ለሽንኩርቱ፣ ጭብጨባውን በቃለ ጉባኤ የያዘው ጸሐፊም አያውቅም።

(እዚህ ላይ የስታቲስቲክስ አገልግሎት ሠራተኞችን አልነካም። በየወሩ በየገበያው እየዞሩ የጤፉን፣ የዘይቱን፣ የከሰሉን ዋጋ ጠይቀው የሚጽፉ፣ ነጋዴው «ካልገዛችሁ ሒዱልኝ» እያላቸው የሚመዘግቡ ሰዎች ናቸው። የእነሱ ሠንጠረዥ የሚለው ሌላ፣ ከሠንጠረዡ ላይ አንዷን መስመር ቆርጦ ወደ መድረክ የወሰዳት ሰው የሚለው ሌላ። ምግብ ብቻውን የዋጋ ንረት ከሚለካበት የዕቃዎች ቅርጫት ከግማሽ በላይ እንደሚመዝን እዚያው ተጽፏል፤ የሚያነበው ቢኖር።)

ቅርጫቱ ራሱ የአገር አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ የበመቶ ታላቅ ወንድም ነው። በዚያ ቅርጫት ውስጥ የራሱን ጤፍ የሚበላ፣ ኪራይ የሚባል ነገር ደጁ ደርሶ የማያውቅ የጎጃም ገበሬ አለ። እዚያው ውስጥ ደመወዙን ተቀብሎ ግማሹን ሳያጣጥፈው ለአከራይ የሚያስረክብ የአዲስ አበባ ጥበቃ ሠራተኛም አለ። ሁለቱ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ መጠነኛ ኪራይ ከፍሎ መጠነኛ ጤፍ የሚሸምት አንድ ደስተኛ ሰው ይወጣል። ይህን ሰው ማንም አግኝቶት አያውቅም። ሁሉም ፖሊሲ ግን ለእሱ ይወጣል፤ ኑሮው ሲሻሻልም እሱ ነው የሚሻሻልለት።

ስለ አማካይ ካነሣን፣ የነፍስ ወከፍ ገቢን ሳላመሰግን ባልፍ ይቆጨኛል። የአገሪቱ ምርት ለሕዝቡ ቁጥር ይካፈልና ለእያንዳንዳችን የደረሰን ይነገረናል፤ በዶላር። ሕገ መንግሥቱ ሕዝብ በየአሥር ዓመቱ ይቆጠር ይላል። ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠርነው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ወደ 74 ሚሊዮን ነበርን። ከዚያ ወዲህ ቆጠራው ተቀጠረ፣ ተራዘመ፤ በ2011 ደግሞ ፓርላማው ራሱ አራዘመው። ምክንያት አልነበረም አልልም፤ ሰላም በሌለበት ቤት ለቤት ዞሮ መቁጠር አይቻልም። በቆጠራው ማግስት የተወለደ ልጅ ዛሬ ጢም አብቅሎ ሥራ እየፈለገ ነው፤ እሱም በግምት ነው ያለው። ምን ያህል እንደሆንን ሳንቆጠር፣ ለእያንዳንዳችን ምን ያህል እንደደረሰን ግን ጠንቅቀን እናውቃለን። እንዲህ ያለ ማካፈል በየትኛውም ክፍል አላስተማሩኝም።

ሥራ አጥነትም ቢሆን ለበመቶ የሚከብድ ነገር አይደለም። በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት በጥናቱ ሳምንት ውስጥ አንዲት ሰዓት ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው «ሥራ ያለው» ነው። መገናኛ አካባቢ ጎሕ ሳይቀድ ቆሞ አሠሪ የሚጠብቅ የቀን ሠራተኛ ሰኞ ጠበቀ፣ ማክሰኞ ጠበቀ፣ ረቡዕ ዝናብ ስለነበር ተጠልሎ ጠበቀ። ሐሙስ አንድ ሰዓት ሲሚንቶ አወረደ። ዐርብና ቅዳሜ ወገቡን እያሸ ተኛ። ጠያቂው እሑድ ቢመጣ ይህ ሰው ከሥራ ፈላጊዎች ዝርዝር ይወጣል። እንኳን ደስ አለህ የሚለው እንኳ የለም።

ፋብሪካ የገቡትም አልተረሱም። የኢንዱስትሪ ፓርኮቻችን የወጪ ንግድ በስንት በመቶ እንዳደገ፣ ስንት ሺህ ወጣት እንደቀጠሩ ሁሌም ይዘገባል። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች የሀዋሳ ፓርክ ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፈው ነበር፤ ልብስ ሰፍተው ለዓለም ከሚሸጡ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያይ የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ደነገገ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም (ኢሠማኮ) በየሜይ ዴይ የደመወዝ ወለል ይወሰን እያለ ይጠይቃል። አዋጁ በወጣ ጊዜ የተቀጠሩት ልጆች የራሳቸውን ልጆች ትምህርት ቤት አስገብተዋል። በመቶ ጣሪያ መውጣት ይወዳል፤ ወለል ላይ መቀመጥ ግን አልለመደበትም።

በመቶ ሠራተኛው ቤት አይደርስም የሚሉ ሐሜተኞች አሉ። ሐሰት ነው! ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ሆኗል። ከዚህ ውስጥ ከ2,000 ብር በላይ ያለው 15 በመቶ፣ ከ4,000 በላይ ያለው 20 በመቶ ግብር ይነሣለታል፤ 700 ብር። ጡረታ 7 በመቶ፤ 420 ብር። እጅ ላይ የሚገባው 4,880 ነው። በዚያው ብር ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚከፈልበት ነገር ሲገዛ 15 በመቶ ደግሞ ሱቅ ድረስ ተከትሎት ይመጣል። የትኛውም ዕድገት እንዲህ ደጃፍ ድረስ በሰዓቱ መጥቶ አያውቅም። ከዚያ በፊት የነበረውማ ይባስ ታማኝ ነበር። ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ በ2008 ዓ.ም. 600 ብር ተብሎ ተወሰነ፤ እስከ 2017 ድረስ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቀጥ ብሎ ቆመ። ጤፍ ወጣ፣ ዘይት ወጣ፣ ዶላሩም በሐምሌ 2016 በገበያ ይወሰን ተብሎ ተለቀቀና ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ዘለለ። 600 ብሯ ብቻ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። የዋጋ መረጋጋት ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ያን አንቀጽ ማየት ነበረበት።

አንድ ነገር ግን ልብ ብያለሁ። አከራይ በበመቶ አይናገርም። «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሁለት ሺህ ጨምሩ፤ ካልተመቻችሁ ደላላው ሌላ ሰው አምጥቷል» ነው የሚለው። ባለ ጉልቷም በበመቶ አትናገርም፤ መደቧን በአንድ ቲማቲም ቀነስ ታደርግና ዋጋውን እንደነበረ ትተወዋለች። የጤፍ ነጋዴው፣ የታክሲው ረዳት፣ የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ሁሉም በብር ነው የሚናገሩት። ከእኛ የሚቀበለን በብር ይናገራል፤ ለእኛ ሰጠሁ የሚለን በበመቶ። ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፎ የሚችለው ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነው።

እኛም ቀስ በቀስ ተምረናል፤ አለመማር አይቻልም። የዕቁብ ሰብሳቢው «የዚህ ወር ገቢያችን የዕቅዱን 92 በመቶ አሳክቷል» ሲል፣ ሁለት ሰው አልከፈለም ማለቱ መሆኑ ይገባናል። አንድ ወዳጄ ሚስቱ «ዘይት አለቀ» ስትለው «ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር የዘይት ክምችታችን...» ብሎ ጀምሮ ነበር። ሪፖርቱን እንዲጨርስ አልተፈቀደለትም። ቤት ውስጥ ምክር ቤቱ ትንሽ ነው፤ አጨብጫቢ የለውም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በመቶ ይቅር አልልም፤ እሱ ከቀረ ስብሰባዎቻችን በአሥር ደቂቃ ሊያልቁና የሻይ ሰዓት ሊቀር ነው። በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ ግን ከእሱ ቀጥሎ ጥቂት ነገሮች በብር ይነበቡ፦ የአንድ ኩንታል ጤፍ፣ የአምስት ሊትር ዘይት፣ የአንድ ክፍል ቤት የወር ኪራይ፣ ከቤት እስከ ሥራ ቦታ ደርሶ መልስ የታክሲ፣ የአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ። ከጎናቸው ያቺ 4,880 ብር ትጻፍ። ከዚያ ደመወዟ በወሩ በስንተኛው ቀን እንዳለቀች ይገለጽ፤ ቢቻል ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ተነጻጽሮ። አንድ ሥጋት ብቻ አለኝ፤ እንዲህ ሆኖ ከተዘጋጀ አንባቢው ለጭብጨባ የቱ ጋ እንደሚያቆም ግራ ሊገባው ይችላል።